ጠመንጃ መያዝና ጠመንጃ ማስተካከል፦ ከእንጦጦ እስከ ጋርላንድ

(በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1887 በሰሜን ቴክሳስ ሁለት ጎረቤት መንደሮች፣ ዳክ ክሪክና ኤምብሪ፣ ፖስታ ቤቱ የየትኛቸው ይሁን በሚል ሲወዛገቡ ቆይተው ነገሩ በመካከላቸው ፖስታ ቤት በመትከል ተቋጨ። ስሙም በወቅቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በነበሩት በኦገስተስ ጋርላንድ ተሰየመ። በዚያው ዓመት፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ፣ ከታጁራ በግመል ያስጫነውን ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሸጠ፤ ያሰበውን ትርፍ ግን አላገኘበትም። ሁለቱን ክስተቶች በጊዜው ያገናኘ ነገር አልነበረም። ዛሬ ጋርላንድና አካባቢዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ጠመንጃን የሚያይበትን ዓይን ከአንዱ ታሪክ ወርሶ የሚመጣ፣ ጠመንጃን የሚገዛው ደግሞ በሌላው ሕግ ነው።

መከራከሪያዬ ይህ ነው፦ ጠመንጃ መያዝና ጠመንጃን ማስተካከል ሁለት የተለያዩ ኃይሎች ናቸው። አባቶቻችን የመጀመሪያውን በብዙ መሥዋዕትነት አገኙ፤ ሁለተኛው ግን በባዕድ እጅ ቀረ። በቴክሳስ ሁለተኛው በመደብር መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ሕግ ዋና ክርክር ከጠመንጃው ወደ ክፍሎቹ ተሻግሯል። ይህን ልዩነት ሳያጤን የሚገዛ ስደተኛ የመኖሪያ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

የጠመንጃዎቻችን ስሞች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ስናድር በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የታጠቀው ጠመንጃ ስም ነው። ውጅግራ «ፉዚል ግራ» ከተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የተወረሰ ስም ነው። በልጅግ ከቤልጅግ አገር መጣ፤ ክላሽ ከሩሲያዊው ካላሽኒኮቭ። በጉንደት (1875) እና በጉራዕ (1876) የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረከ። በገዛ፣ በተሰጠና በተማረከ ጠመንጃ የታጠቀው ሠራዊት በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረገ።

ይሁንና የውጅግራ ጥይት ሬሚንግተን ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን ጥይት ይሻል፤ ጥይቱ ደግሞ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል። በዚያ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በዝርዝር ገንዘብነት ያገለግል ነበር። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር ለልምምድ መተኮስ ገንዘብን መበተን ነው። ስለዚህ የአልሞ ተኳሹ ዝና የተገነባው በትዕግሥት፣ በመቅረብና በመቆጠብ ላይ ነበር።

የአውሮፓ መንግሥታት ይህን ጥገኝነት በሚገባ ያውቁት ነበር። የ1890ው የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን ዘመናዊ መሣሪያ ገደበ፤ በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያ ስለሚገባው መሣሪያ ተስማሙ፤ በ1930 ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ በገባችበት ውል መንግሥቷ መሣሪያ የማስገባት መብቱ ታወቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወረራው ሲመጣ በሁለቱም ወገን ላይ የተጣለው ማዕቀብ፣ በራሱ ፋብሪካ የሚያመርተውን ጣሊያንን ብዙም ሳይነካ፣ ገዝታ የምትታጠቀውን ኢትዮጵያን ክፉኛ ጎዳ።

በአገር ውስጥ ግን ጠመንጃ የማዕረግ መለኪያ ሆኖ ቀጠለ። ለአንዱ የነፃነት ምልክት የሆነው መሣሪያ፣ በደቡብ በነፍጠኛው ሥር ለገበረው ገባር የአገዛዝ ምልክት ነበር። ዛሬም «ነፍጥ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሁለቱም ትዝታዎች አብረው ይነሣሉ።

ከጦር ሜዳ ወደ ስፖርት

በጋርላንድ መደብሮች በብዛት የሚታየው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የኤአር-15 ዘር ነው። ሁለቱ ፊደላት የመጀመሪያውን አምራች የአርማላይትን ስም ያመለክታሉ። መሐንዲሱ ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ የጠነሰሰውን ንድፍ ኮልት ኩባንያ በ1959 ገዛው። ለሠራዊቱ ኤም-16 ሆነ፤ ለሲቪሉ ገበያ ደግሞ ከ1964 ጀምሮ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰው ዓይነት «ስፖርተር» በሚል ስም ቀረበ።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1977 የስቶነር የፈጠራ መብት ጊዜው ሲያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውም አምራች ክፍሎቹን መሥራት ቻለ። ልኩ የታወቀና ለሁሉም ክፍት በመሆኑ የአንዱ ፋብሪካ ቃታ በሌላው አካል ላይ ይገጥማል። በኢትዮጵያ ሠራዊት ውስጥ ያልነበረው ተለዋዋጭነት በዚህ ገበያ ተራ ነገር ሆነ። ከ1994 እስከ 2004 የጸናው የፌዴራል እገዳም ይህን ጠባይ አልለወጠም። ሕጉ የሳንጃ ማሰሪያንና የመሳሰሉትን ምልክቶች ሲቆጥር፣ አምራቾች ምልክቶቹን እየቀነሱ ያንኑ ጠመንጃ መሸጥ ቀጠሉ።

ትክክለኝነት ከየት ይመጣል?

ትክክለኝነት የሚለካው ተከታታይ ጥይቶች ዒላማው ላይ ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚያርፉ ነው። ባለሙያዎች የሚፎካከሩበት መስፈርት በ100 ያርድ ርቀት ወደ 1 ኢንች የሚጠጋ ስብስብ ነው።

ባለቤቱ ወደዚያ ለመድረስ በቅድሚያ የሚያየው ጥይቱን ነው፤ የባሩዱ መጠንና የእርሳሱ ክብደት ከጥይት ጥይት ከተለያየ ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የአፈሙዙ ውስጠኛ ጥምዝ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ኤም-16ዎች በ12 ኢንች አንድ ዙር ያዞሩ ነበር፤ ረዘምና ከበድ ያለው የዛሬው የውድድር ጥይት ግን እንደ 8 ወይም 7 ኢንች ያለ ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። ሦስተኛው የእጅ መያዣው ነው። መያዣው አፈሙዙን ከነካ የተኳሹ የእጅ ጫና ወይም የማንገቻው ውጥረት አፈሙዙን በጥቂቱ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ አፈሙዙን ሳይነካ በዙሪያው የሚቆም መያዣ ይገጠማል። በመጨረሻ ቃታው ሳይንገዳገድና በቀላሉ እንዲላቀቅ ይደረጋል።

በኦሃዮ ካምፕ ፔሪ በሚካሄደው ብሔራዊ ውድድር ኤም-14 ለረጅም ዘመን ነግሦ ነበር። በ1990ዎቹ የኤአር-15 ዘር ቦታውን የያዘው በእነዚህ ማሻሻያዎች ነው። ትክክለኝነት እንግዲህ የልዩ ዓይን ስጦታ ብቻ አይደለም፤ የረከሰ ጥይት፣ የታወቀ ልክና የሰፊ ልምምድ ድምር ነው።

ሁለተኛው ጋርላንድ

ሁሉም ክፍል በሚለዋወጥበት ጠመንጃ ላይ «ጠመንጃው» የቱ ነው? የፌዴራል ሕግ መልስ፣ መለያ ቁጥር የተቀረጸበት የታችኛው አካል ነው። አፈሙዙ፣ መያዣው፣ ሰደፉና ቃታው እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣሉ።

የዘመናችን ትላልቅ ክርክሮች የፈነዱት በዚህ ትርጉም ላይ ነው፤ በአጋጣሚም የከተማዋን ሞክሼ ስም ይዘው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሜሪክ ጋርላንድ፣ እንደ ኦገስተስ ጋርላንድ ሁሉ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩና። ጋርላንድ በካርጊል ላይ በተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ «በምፕ ስቶክ» የተባለው ፈጣን አስተኳሽ ሰደፍ ከፊል አውቶማቲኩን ጠመንጃ መትረየስ አያደርገውም አለ። ሁለተኛው ከፎርት ወርዝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የተነሣው የቫንደርስቶክ ጉዳይ ነው፤ በማርች 2025 መንግሥት በቤት ውስጥ የሚገጣጠሙ የጠመንጃ ኪቶችን እንዲቆጣጠር 7 ለ 2 ተፈቀደለት።

የቴክሳስ ሕግ አውጪዎችስ? በሜይ 2022 ዩቫልዴ ውስጥ የ18 ዓመት ወጣት በሕጋዊ መንገድ በገዛው ጠመንጃ 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ገደለ። በሜይ 2023 ከጋርላንድ በስተሰሜን በአለን ገበያ 8 ሰዎች ተገደሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የግዥ ዕድሜን ወደ 21 የሚያሳድግ ረቂቅ ከኮሚቴ ቢያልፍም ለምክር ቤቱ ድምፅ ሳይቀርብ ቀረ።

ለስደተኛው የተዘረጋው ወጥመድ

የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ከሌሉ፣ አይችልም፤ ሕጋዊ መኖሪያ የሌለውም አይችልም። አፈሙዙ ከ16 ኢንች ካጠረ ጠመንጃው በ1934ቱ ሕግ መሠረት መመዝገብ አለበት። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የ200 ዶላሩ ታክስ ወደ ዜሮ ቢወርድም የምዝገባው ግዴታ አልቀረም፤ ጥሰቱ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

ከዚህ የሚከፋው ባህላችን በጎ ብሎ የሚያየው ነገር ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ በወንድሙ ገንዘብ፣ ለራሱ እንደሚገዛ ፈርሞ ጠመንጃ ቢገዛለት ወንጀል ነው። የማነጣጠሪያ መነጽርን ወይም ሌላ የጠመንጃ ክፍልን ያለ ፈቃድ በሻንጣ ወደ አገር ቤት መላክም እንዲሁ። የኢሚግሬሽን ሕጉ በጠመንጃ ወንጀል የተፈረደበትን የውጭ ዜጋ ከአገር የሚያስወጣ ሲሆን፣ ከመሣሪያው ባሻገር ክፍሎቹንና ተቀጥላዎቹን በስም ይጠቅሳል። ዜጋው በቅጣት የሚያልፈው ስሕተት ስደተኛውን ከቤተሰቡ ሊለየው ይችላል።

ለአገር ቤቱ ፖሊሲ

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አወጣች። አዋጁ የቆመው በፈቃድ ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚታወቀው በባለፈቃዱ ነው። በ2023 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወስኖ በአማራ ክልል ጦርነት ሲቀጣጠል ግን፣ ብዙ ገበሬ ምዝገባን የትጥቅ ማስፈታት መጀመሪያ አድርጎ አየው። አሜሪካም ለዚህ ሥጋት እንግዳ አይደለችም፤ የ1986 ሕጓ የፌዴራል መንግሥት የጠመንጃ ባለቤቶችን አጠቃላይ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል።

የጋርላንድን ነፃነት ለአገር ቤት መመኘት ስሕተት ነው፤ ዩቫልዴና አለን ዋጋውን አሳይተዋል። የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ተለይቶ የታወቀ አካልና የማይጠፋ ቁጥር ይኑረው፤ ቁጥጥሩ በገበሬው ጎጆ ፍተሻ ሳይሆን ጥይቱ በሚገባበት የንግድ መስመር ላይ ይጀምር፤ የመዘገበ ሰው መሣሪያውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይነጠቅ ሕጉ ዋስትና ይስጠው። ዋስትናው ካልቀደመ ማንም መሣሪያውን ይዞ ለምዝገባ አይቀርብም።