ድንጋይ የወረወረው እና አብሮት የቆመው

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ በሰልፍ ሰበብ ንብረት ሲቃጠል የሚቀጣ ሕግ የለንም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን እዚሁ ልጻፈው፤ እኛ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዙሪያ ለምንኖር ጥያቄው የሩቅ አይደለምና።

ሕጉማ ሞልቷል። ስዊዘርላንዳዊው ምሁር ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ስለ ሁከት ሲደነግግ ሰዎቹን ይለያል፦ ወዶ የተቀላቀለው፣ ያደራጀና የመራው፣ በገዛ እጁ ጉዳት ያደረሰው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የምንሠራበት የወንጀል ሕግም ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ቃጠሎና ንብረት ማበላሸት ደግሞ የየራሳቸው አንቀጽ አላቸው። እንግዲህ የጎደለው አንቀጽ አይደለም። ማን የቱ እንደሆነ የሚለይ ፖሊስ ነው የጠፋው።

2009ን አስታውሱ። መስከረም 22 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ስንት ሰው አለቀ! በዚያው ሳምንት ፋብሪካና እርሻ ተቃጠለ፤ ላንጋኖ ዳር ያለው ቢሻንጋሪ ሎጅም ነደደ። መስከረም 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታፍሶ ብዙው «አይደገምም» የሚል ቲሸርት ለብሶ፣ ሥልጠና ወስዶ ተለቀቀ። ወንጀለኛ ከሆነ ለምን በሥልጠና ይለቀቃል? ካልሆነስ ለምን ታሰረ? (ቲሸርቱን ያሠራው ሰው መቼም ለታሪክ አስተማሪ ትልቅ ውለታ ነው የዋለው።)

2012 ላይ ደግሞ ተገላቢጦሹን አየን። ሰኔ 22 ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሻሸመኔና ዝዋይ ነደዱ፤ በሁለቱም ከተማ ያሉት የኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች ሳይቀሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሰሞን በኦሮሚያ 123 ሰው መሞቱን፣ ቢያንስ 500 መቁሰሉን አረጋግጧል። እኔን ከቁጥሩ በላይ ያመመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ነዋሪዎች ደጋግመው ፖሊስ ሲጠሩ «ከበላይ ትእዛዝ አልተሰጠንም» ይባሉ ነበር። አንዳንድ ቦታ ፖሊስ ቆሞ እያየ ነው ጥቃቱ የተፈጸመው። ሌላ ቦታ ደግሞ ያለ ልክ ተተኮሰ። በኋላ ከ9 ሺህ ሰው በላይ መታሰሩ ተዘገበ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ክብሪት የጫረውን ሰው ማስረጃ የሚገኘው እሳቱ ሲነሳ ነው። ያኔ ያልነበረ ፖሊስ ከሳምንት በኋላ መንደር ለመንደር ቢዞር የሚያገኘው ያልሸሸውን ነው። ያልሸሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ያላደረገው ነው። ስለዚህ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ያቃጠለበትን ሳያውቅ ይኖራል፤ መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ልጅ ደግሞ ወራት ይታሰራል። ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት።

ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። በእናንተ መዝገቦች ላይ «ከሌሎች ግብረ አበሮቹ ጋር» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ ስንት ጊዜ «በእጁ ይህን አደረገ» የሚል ተጽፎ አያችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።