ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው ሁለት ሰዓት

የሙዚቃ ታሪክ ስለ ደራሲያንና ስለ ተጫዋቾች ሲተርክ ገጹ ይበዛል፤ ስለ አስተማሪዎች ሲደርስ ግን ቀለሙ ይነጥፋል፡፡ ቤትሆቨንን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ሊስትንም እንዲሁ፡፡ ከአንዱ የተቀበለውን ለሌላው ያሸጋገረው የካርል ቼርኒ ስም ግን የሚነሣው በአብዛኛው በመልመጃ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ነው፤ ያውም በተሰላቹ ልጆች አንደበት፡፡

ቼርኒ በ1791 ቪየና ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ አባቱ ከቦሄሚያ የመጡ የፒያኖ መምህር ነበሩ፡፡ ልጁ የአሥር ዓመት ገደማ ሳለ ቤትሆቨን ፊት ቀርቦ የሞዛርትን ኮንሰርቶና «ፓቴቲክ» የተባለውን የራሱን የቤትሆቨንን ሶናታ ተጫወተ፡፡ የዚያን ዕለት ሰውዬው ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ እንደ ነበር ልጁ አስተውሏል፡፡ ቤትሆቨን ሊያስተምረው ፈቀደ፤ አባትየውንም የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽን የማስተማሪያ መጽሐፍ እንዲገዙለት አዘዛቸው፡፡ ትምህርቱ የተጀመረው በስኬል ነው፡፡ የእጅ አቀማመጥ፣ የጣት አጠቃቀም፣ በተለይም የአውራ ጣት ሥራ… ቀጥሎም ድምፅን ከድምፅ ሳይበጥሱ አያይዞ መጫወት፡፡

ታዲያ ይህ ልጅ ስለ ምን አውሮፓን እየዞረ የሚያጨበጭቡለት ተጫዋች አልሆነም? በ1805 ቤትሆቨን የምስክር ወረቀት ጽፎለት ነበር፤ ጉዞው ግን ሳይሆን ቀረ፡፡ ወላጆቹ እያረጁ ነበር፤ እርሱም አንድያ ልጃቸው ነው፡፡ አገሩም በናፖሊዮን ጦርነት ይታመስ ነበር፡፡ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ራሱ በ1842 በጻፈው የሕይወት ማስታወሻ ያኖረው ምክንያት ነው፤ አጨዋወቱ ሕዝብን የሚያስደምም ብልጭልጭታ እንዳልነበረው ይናገራል፡፡ እንዲህ ብሎ ስለ ራሱ የሚጽፍ የጥበብ ሰው ስንት ይገኛል? ደግሞም ደካማ ሆኖ አይደለም፤ በ1812 የቤትሆቨን አምስተኛው የፒያኖ ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪየና ላይ ሲሰማ ፒያኖው ላይ የተቀመጠው እርሱ ነበር፡፡

ማስተማር የጀመረው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው፡፡ ከዚያ እስከ 1836 ድረስ፣ በሥራው ብርቱ ዘመን ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታው ሁለት ሰዓት፣ በቀን አሥራ አንድም አሥራ ሁለትም ተማሪ ያስተናግድ ነበር፡፡ እኔ ከባንክ መስኮት ጀርባ ስምንት ሰዓት ውዬ ስወጣ ስንኝ መቋጠር ቀርቶ ስሜን መጻፍ ይታክተኛል፤ እርሱ ግን የመጨረሻውን ተማሪ ሸኝቶ ለድርሰት ይቀመጥ ነበር፡፡ የሥራዎቹ ተራ ቁጥር 861 ደርሷል፡፡ ሹማን በዚህ ብዛት ተሳልቆ ቼርኒን በምናብ ክስረት ከሶታል፡፡ (ስለ ክስረት በሙያዬ ጥቂት አውቃለሁ፤ የከሰረ ሰው ይህን ያህል አያበድርም፡፡) ከመልመጃዎቹ ደረቅ የሆኑ መኖራቸውን አልክድም፡፡ ነገር ግን በ1915 ደቡሲ የራሱን መልመጃዎች ሲጽፍ የመጀመሪያውን፣ በፈገግታም ቢሆን፣ በቼርኒ ስም ነው የከፈተው፡፡

ተማሪዎቹ ሕፃናትም ጎልማሶችም ነበሩ፡፡ በ1839 ሰፊ የፒያኖ ትምህርት መጽሐፍ አሳተመ፤ በገጠር ለምትኖር የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጃገረድ የተጻፉ አስመስሎም ደብዳቤዎች አዘጋጀ፡፡ ቤትሆቨን የወንድሙን ልጅ አደራ ሲሰጠው አንድ ምክር ጽፎለት ነበር፤ ልጁ በጥቃቅን ስሕተት ምክንያት መሐል ላይ እንዳይቋረጥ፣ ተጫውቶ ሲጨርስ ብቻ እንዲታረም፡፡

ሊስትን አባቱ ሲያመጡት ልጁ ገርጥቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ሰካራም እየተወዛወዘ፣ ጣቶቹን እንዳገኘ እየወረወረ ይጫወት ነበር፡፡ ቼርኒ ስጦታውን ለየ፤ በኋላም ቪየና መጥቶ ትምህርት ሲጀምር ወደ ስኬልና ወደ ምት መለሰው፡፡ ክፍያም አልተቀበለበትም፡፡ በአገራችን የቅኔ ሊቅ ከማን እንደ ተማረ የመምህራኑን ሐረግ ቆጥሮ ይጠራል፤ የቀለም አባቱን ከሥጋ አባቱ አሳንሶ አያይም፡፡ ሊስትም እንደዚያው አደረገ፤ በ1852 የታተሙትን፣ በጣት ፈታኝነታቸው የታወቁትን ታላላቅ መልመጃዎቹን ለቼርኒ አበረከተ፡፡ በሸመገለ ጊዜም በቫይማር ተማሪዎቹን ያለ ክፍያ ያስተምር ነበር፡፡ ሌላው የቼርኒ ተማሪ ሌሼቲትስኪ፣ ፓዴሬቭስኪንና ሽናቤልን አፍርቷል፡፡

ቼርኒ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፡፡ በ1857 ሲሞት፣ ከትምህርትና ከድርሰት ያጠራቀመው ሀብት ቀላል አልነበረም፡፡ በኑዛዜው ለቤት ጠባቂውና ለቪየና የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር አካፈለ፤ ለበጎ አድራጎት ከሰጠውም አንዱ ድርሻ መስማት ለተሳናቸው መርጃ ተቋም የዋለ ነው፡፡