ፋቫና ጓያ

ባለፈው ዐቢይ ጾም እዚህ መካነ ሰላም አምስት ጎረቤታሞች ሆነን የግሪክ ምግብ ማብሰል ጀመርን። ለሰሚው ቅብጠት ሊመስል ይችላል፤ ጉዳዩ ግን ቀላል ነው። የአክስቴ ልጅ አቴንስ ውስጥ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ ስትመለስ፣ ከሻንጣዋ ውስጥ ገጾቹ በዘይት የወዙ አንድ ዳጎስ ያለ የምግብ መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ በግሪክኛ የተጻፈ ነው። እሷ እያነበበች ትነግረናለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተራ በደረሳት ቤት ተሰብስበን እንሞክረዋለን። ደብተሩ የጋራችን ነው። ያበሰለችው ሴት ሳምንቱን እቤቷ ታቆየዋለች፤ የጎደለ ካለ ትሞላበታለች፣ ያልተስማማት ካለም ትሰርዛለች።

ከአምስታችን አንዷ ሙስሊም ናት። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ቡናውንም፣ ለቅሶውንም፣ ሠርጉንም ተካፍሎ ይኖራል፤ በሥጋው ብቻ ይለያያል፤ ለየራሱ ያርዳል፣ ለየራሱ ይቀርባል። የጾም ወጥ ግን ሁላችንንም ባንድ መሶብ ያስቀምጠናል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ውስጥ የመረጥነው ግሪኮች «ላዴራ» የሚሉትን፣ ማለትም ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ በዘይት የሚሠራውን ወገን ነበር።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ፤ ከማማሰያው ይልቅ ወደ መጻሕፍት አደላለሁ። የሽንኩርቱን ክተፋ ለባለሙያዎቹ ትቼ፣ የግሪክ ምግብ ወደ ቤታችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ይሆን ወይ ብዬ መፈለግ ያዝሁ። መልሱን ያገኘሁት መጀመሪያ ከክርኔ ሥር ነው። ደብተሩን ያስደገፍሁበት ነገር ስሙ ጠረጴዛ ነው። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «ትራፔዛ»፣ ባለ አራት እግር ማለት ነው። እኛ መሶባችንን በራሳችን ስም ጠርተን፣ ባለ አራት እግሩን ግን በግሪኮቹ ስም ተቀበልነው። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችን ዛሬ አቴንስ ውስጥ «ትራፔዛ» የሚባለው ባንክ ነው፤ ደመወዟን ልትልክ የምትሄድበት ቤት ስሙ ጠረጴዛ ስለነበር በመጀመሪያው ወር ብቻዋን ስትስቅ ከርማለች።

ከጠረጴዛው ወደ ወንጌሉ ብናልፍም ያው ነው። «ወንጌል» ራሱ ግሪክኛ ነው። በግዕዙ ወንጌል የሰናፍጯ ቅንጣት «ኅጠተ ሰናፔ» ተብላለች፤ ግሪኮችም ሰናፍጭን «ሲናፒ» ይሏታል። ሩቅ ሳንሄድ በዚሁ በቦረና ምድር፣ በጋስጫ የኖረው ሊቁ አባ ጊዮርጊስ በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መካከል ከጻፋቸው ድርሰቶች አንዱ «አርጋኖን» ይባላል፤ ይህም ስም ከግሪክ «ኦርጋኖን» የመጣ ነው። እንግዲህ ግሪክኛ ከመካነ ሰላም የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ገዳም ውስጥ ለስድስት መቶ ዓመታት ሲጸለይበት ኖሯል ማለት ነው። እኛ ግን እንግዳ መጽሐፍ የገለጥን መስሎን ነበር።

ስለ ዘይቱስ? በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ የኤርትራን ባሕር ወደቦች እየቆጠረ በግሪክኛ በጻፈው መምሪያ ውስጥ ወደ አዱሊስ ምን ምን ሸቀጥ እንደሚገባ ይዘረዝራል። የአገሩ ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክን ፊደል የተማረ እንደነበረ ይመሰክርለታል። ከሸቀጡ መካከል የሎዶቅያና የኢጣልያ ወይን ጠጅ አለ፤ የወይራ ዘይትም አለ። በሁለቱም አጠገብ ግን ነጋዴው «ብዙ አይደለም» የሚል ማስታወሻ አኑሯል። ይህች ማስታወሻ ለእኔ ከአንድ ምዕራፍ ትበልጥብኛለች። አክሱማውያን በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ እስኪቀርጹ ድረስ ከቋንቋው ጋር ተዋደዱ፤ ዘይቱን ግን ቀመስ አድርገው ተዉት።

ለምን ተዉት ቢባል፣ ዛፉ ስላልነበረ አይደለም። የእኛ ወይራና የግሪኮቹ ወይራ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ልዩነታቸው የንዑስ ዝርያ ነው። የእኛው ፍሬው ደቃቅ፣ ሥጋው ስስ ነውና ለመጭመቂያ አይመችም። ስለዚህ ግሪኮች ፍሬውን ሲጨምቁ የእኛ እናቶች እንጨቱን አጨሱት፤ የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን አጠኑበት። እነሱ የወይራን ጣዕም በዘይቱ ሲያውቁት እኛ በጢሱ አወቅነው። ቅባቱን በቅቤ ሞላነው። የጥንት ግሪኮች ይህን ቢያዩ መሳቃቸው አይቀርም ነበር፤ አናክሳንድሪዴስ የተባለው ኮሜዲ ጸሐፊያቸው በጥራቅያ የተደገሰን ሠርግ ሲገልጽ እድምተኞቹን «ቅቤ በሊታዎች» ብሏቸዋል። የጀመርነው በጾም ባይሆን ኖሮ ይህ ስም ለእኛም በተገባን።

የምግብ መጽሐፍ ራሱስ ከየት መጣ? ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደስ የሚል ታሪክ አለው። ከግሪኮች ጥንታዊ የምግብ ጽሑፎች አንዱ ግጥም ነው። አርኬስትራቶስ የተባለ የሲሲሊ ሰው በአራተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወደብ እንደሚጥምና እንዴት እንደሚጠበስ በሆሜር የግጥም ምት ጻፈ። ግጥሙ በሙሉ አልደረሰልንም። ቁርጥራጮቹን ያተረፈልን፣ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሊቃውንትን ወግ የጻፈው አቴናዮስ ነው። አቴናዮስ የናውክራቲስ ሰው ነበር፤ ናውክራቲስ ደግሞ በግብፅ፣ በአባይ ደለል ላይ የተቆረቆረች የግሪኮች ከተማ ናት። ከቦረና ግርጌ የሚያልፈው የክረምት ጎርፍ የተሸከመው አፈር ያረፈው እዚያ ነው።

ዛሬ በግሪክ አገር የምግብ መጽሐፍ ሁሉ «ጸለመንቴስ» ይባላል፤ ይህ የሰው ስም ነው። ኒኮላኦስ ጸለመንቴስ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ አሠራር መጽሔት አሳተመ፤ ኋላም በየቤቱ የገባ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። የግሪክን ወጥ ቤት ከቱርክ ጣዕም አጽድቶ ወደ ፈረንሳይ ሊያቀርበው ፈለገ። ዛሬ የጥንት የሚመስለን በሙሳካ ላይ የሚፈሰው ነጭ የወተት መረቅ የእሱ ጭማሪ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ቅር አላት፤ አሠሪዋ ሙሳካውን የአያት ቅድመ አያት ነው እያለች ታስተምራት ነበርና። እኔ ግን አልገረመኝም። በርበሬስ ከአሜሪካ ምድር መጥቶ አይደል «የአባቶቻችን» የሆነው?

ግሪኮች ራሳቸውም ወደ እኛ መጥተዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በነጋዴነት፣ በግንበኝነትና በምድር ባቡሩ ሥራ ብዙዎች ገቡ፤ በ1908 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ የግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሥር የአክሱም ሀገረ ስብከት ተቋቋመላቸው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤትና ክበብ ነበራቸው። ከ1967 ዓ.ም. ውርስ በኋላ አብዛኞቹ ሄዱ። ከዚያ መንገዱ ተገለበጠ፤ የእኛ ልጆች አቴንስ ሄደው የሰው ወጥ ቤት ያዙ። የደብተራችን ምንጭ ከእነዚያ ወጥ ቤቶች አንዱ ነው።

ወደ ቅዳሜዎቻችን ልመለስ። መጀመሪያ የሞከርነው የምስር ሾርባቸውን ነው፤ «ፋኬስ» ይሉታል። ድፍን ምስር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፤ ሲቀርብ ኮምጣጤ ይፈስበታል። ሁላችንም ቀምሰን ባንድ ቃል «አዚፋ!» አልን። ሰናፍጩና ቃሪያው ቀርቶበት የሞቀ አዚፋ ነበር። ስለ ጾማቸው ስንነጋገርም ዘመድ አገኘን። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የእነሱ «ንጹሕ ሰኞ» ከሚሉት ዕለት እስከ ፋሲካ ዋዜማ 48 ቀን ይሆናል። ሥርዓቱን የሚያጠብቁት ከሰኞ እስከ ዓርብ ዘይት እንኳ አይነኩም፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይፈቀድላቸዋል። እንግዲህ ሳናውቀው ቀናችንን በትክክል መርጠናል። ደም የለውም ብለው በጾም ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ እንደሚበሉ ስትነግረን ግን፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ እማማ የምንላቸው፣ «እሱን ለእነሱ ተይላቸው» ብለው ደብተሩን አስዘጉን።

በአራተኛው ቅዳሜ ተራው የእማማ ቤት ነበር። የተመረጠው «ፋቫ» ነው። ክኩ ከሽንኩርት ጋር እስኪላላ ይቀቀላል፣ ይማሰላል፤ እንደ ገንፎ ረጋ ሲል ዘይት፣ ሎሚና ጥሬ ሽንኩርት ይደረግበታል። የአክስቴ ልጅ ከመጽሐፉ እያነበበች፣ ምርጡ ፋቫ የሳንቶሪኒ ደሴት እንደሆነ፣ በስሙም ሕጋዊ ጥበቃ እንዳለው ነገረችን። እኔም በበኩሌ ያነበብሁትን ጨመርሁ። የደሴቱ እህል ባቄላም አተርም አይደለም፤ የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። ከ3,500 ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራ በቀበረው በአክሮቲሪ መንደር ውስጥ ሳይቀር ተከማችቶ ተገኝቷል።

እማማ ማማሰያውን አስቀመጡ። «ጓያ ነው የምትይኝ?» አሉ። «ዘመዱ ነው» አልኋቸው። እማማ ትውልዳቸው ከበሽሎ ማዶ፣ ደላንታ ነው። ታናሽ ወንድማቸው እስከ ዛሬ በሁለት ምርኩዝ እንደሚሄድ ያን ቀን ነገሩን። ዝናቡ በቀረ ጊዜ ከማሳው የተረፈው ጓያ ብቻ ነበር፤ እሸቱን፣ ቆሎውን፣ ንፍሮውን ሲበሉ ከረሙ። አንድ ጧት ልጁ ከመደቡ ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ያለ ድጋፍ አልቆመም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በደላንታ አካባቢ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደረሰውን የእግር መሽመድመድ ወረርሽኝ በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም አሳውቀዋል። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይቀራል፤ ጉዳቱም ከዚሁ ጽናቱ ይመጣል። በውስጡ ያለው መርዝ ከሌላ እህል ጋር ለቀመሰው ሰው አያስፈራም፤ ለወራት እሱኑ ብቻ ለበላ ግን ነርቭን ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። ተመራማሪዎቹ የእናቶችን ወጥ ቤት ሳይቀር መርምረዋል። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው አደጋውን ሲያብሱት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል በታሸ መረቅ መብላቱ አደጋውን እንደሚቀንስ አገኙ።

ግሪኮችም ይህን ያውቁ ነበር። በሂፖክራጥስ ስም ከተላለፉት የሕክምና ጽሑፎች በአንዱ፣ በአይኖስ ከተማ ጥራጥሬ ብቻ ሳያቋርጡ የበሉ ወንዶችና ሴቶች እግራቸው እንደደከመና ድካሙም እንዳልለቀቃቸው ተመዝግቧል። የሳንቶሪኒ ሰው ፋቫውን የሚበላው ከዳቦው፣ ከወይን ጠጁና ከዓሣው ጋር ነው። የደላንታው ልጅ ደግሞ ብቻውን በላው። አንድ ሐረግ ያፈራው እህል ለአንዱ የክብር ምግብ፣ ለሌላው ምርኩዝ የሆነው ከአጠገቡ በነበረውና ባልነበረው ነው። የምግብ መጽሐፍ ደግሞ በድስቱ ውስጥ ያለውን እንጂ ከድስቱ አጠገብ የጠፋውን አይጽፍም።

የሚጽፍም አንድ አለ። በ1941 እና በ1942 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ አቴንስ በጀርመኖች ተይዛ ሕዝቡ በየመንገዱ በረሃብ ሲወድቅ ጋዜጦች ለእናቶች ምክር ያወጡ ነበር። ኤሌኒ ኒኮላይዱ የተባለች የታሪክ መምህርት እነዚያን ጽሑፎች ሰብስባ በ2011 እ.ኤ.አ. የረሃብ ዘመን የምግብ አሠራሮች አድርጋ አሳተመቻቸው። ከምክሮቹ አንዱ ከጠረጴዛው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እየለቀሙ በብልቃጥ ማጠራቀም ነው። ይህን ለእማማ ባወራሁላቸው ጊዜ፣ «እነሱም እንዲህ ሆነዋል?» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። 1966ን እና 1977ን በዓይኗ ያየች አንዲት የወሎ ሴት ስለ ብልቃጡ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ያን ቀን ፋቫውን በአተር ክክ ሠራነው። ዘይቱ ከደሴ የመጣ ነበር፤ ሎሚው ከቆላ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን የጋገረችውን እንጀራ ይዛ መጥታ ነበርና ከመጽሐፉ ትእዛዝ ውጭ በእንጀራ በላነው። እማማ ሁለቴ ተቀበሉ።

ማታ ደብተሩን የተረከቡት እሳቸው ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ነው። በሳምንቱ ሲመልሱልኝ «ፋቫ» ከሚለው ርእስ ሥር በደማቅ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁት፦ «በአተር ክክ ይሠራ። ጓያ ከሆነ ብቻውን አይበላም። ንፍሮውን ለልጅ አትስጡ። ጎረቤት ያለው ይጨምርበት።»