የብራያን ዝምታ

ብራያን ማልሞን ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ ጀመር። ለማንም አልተናገረም። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ በተማሪዎቹ ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ነው፤ ያለ መሣሪያ የሚዘፍን ቡድንም ይመራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ማን "አሞሃል ወይ?" ብሎ ይጠይቀዋል? ሦስት ዓመት ያህል ደበቀው። (እኛ ቤት "ገመና" የምንለው ነገር እነሱም ዘንድ አለ ማለት ነው።) በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሕክምና ቢጀምርም፣ በፈረንጆቹ ማርች 2000 በ22 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ታናሽ እህቱ አሊሰን ያኔ የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከሐዘኑ ጋር አንድ ጥያቄ መጣባት፦ እኔስ ብታመም ለማን እናገር ነበር? ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚያወራ የተማሪዎች ክበብ ፈልጋ አጣች። በ2001 ራሷ አቋቋመችው፤ በ2003 አክቲቭ ማይንድስ የተባለ ድርጅት ሆኖ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተስፋፋ።

ተማሪ ተማሪን መርዳቱ አዲስ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ናይትላይን የሚባል አገልግሎት በ1970 ተጀምሯል፤ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ራሱ ተማሪ ነው። ናይትላይን ግን የጨነቀው ሰው እስኪደውል ይጠብቃል። ሦስት ዓመት የደበቀ ልጅ ይደውላል ብሎ መገመት ይከብዳል። የአሊሰን ክበብ የሚያስተምረው አጠገቡ ያለውን ነው፤ አንድ ዶርም የሚያድረውን፣ ምሳ አብሮ የሚበላውን። ምልክቱ ምን ይመስላል? እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? ወደ ማን ይኬዳል? ማከም የእነሱ ሥራ አይደለም።

በ2008 ደግሞ 1,100 የጀርባ ቦርሳዎች ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ ደረደሩ። ቁጥሩ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብለው የሚገመቱትን የኮሌጅ ተማሪዎች ይወክል ነበር። ከዚህ በላይ ምን ንግግር ያስፈልጋል?

ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ12 የካሊፎርኒያ ኮሌጆች ተማሪዎችን ተከታትሎ በ2018 ጥናት አውጥቷል። ወደ ክበቡ የቀረቡት ተማሪዎች እውቀታቸው ጨምሯል፣ ሕመምተኛን የማግለል አመለካከታቸውም ቀንሷል። ስንት ሕይወት ተረፈ የሚለውን ግን ጥናቱ አልለካም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ክበቡ ሲጠናከር ዩኒቨርሲቲው አማካሪ መቅጠሩን ቸል ቢልስ? ጓደኛውን በስንት ልመና አሳምኖ ቢሮው ድረስ ያመጣ ተማሪ "ከወር በኋላ ተመለሱ" ሲባል ምን ብሎ ሊመልሰው ነው?