በተረታችንና በልብ ወለዳችን ሴት ጀግና ስለ ማነሷ
ከአስቴር ጋኖ ታሪክ በመነሣት የቀረበ አጭር ጥናት

በአንገር ሸለቆ፣ አንገር ጉቲን በምትባለው ከተማ ያደግን ሰዎች ተረትን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት በዚያ አገር፣ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን ከእናቶችና ከአያቶች አፍ ሰማነው እንጂ። ዕድሜያችን ከፍ ሲል ግን አንድ ነገር አስገረመን። ተራኪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ሳሉ፣ በተረቱ ውስጥ ጫካ አቋርጦ፣ አውሬ ገድሎ፣ አገር አይቶ የሚመለሰው ወንድ ልጅ ነው። ልጅቱ ወይ ትጠለፋለች፣ ወይ ከመከራ ትድናለች፣ ወይ ትዳራለች። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ሞክረናል። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የተጻፈውን ልብ ወለድ እንመልከት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 በሮም ታትሟል። በዚህ መጽሐፍ ጦቢያ የምትባል ልጅ በባርነት የተሸጠውን መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች፤ ሆኖም የምትወጣው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። መጨረሻዋም የንጉሥ ሚስት መሆን ነው። በ1966 ገደማ በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ የምትሄደው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ ሁለቱ ደራስያንም በአሳብም በአጻጻፍም የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ሴትን ለብቻዋ መንገድ ሊያወጧት ሲፈልጉ መሸፈኛ አስፈለጋቸው፤ የምትወጣበትም ምክንያት ወንድም ወይም ወዳጅ ሆነ። ለራሷ ጉዳይ፣ በራሷ ልብስ የወጣች የለችም።

በቃል ወደሚነገረው ስንመለስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሴት እናገኛለን። በብዙ የኦሮሞ አገር የአኮ ማኖዬ ተረት ይነገራል። አኮ ማኖዬ ማንንም ሳትጠይቅ በወንዶች ላይ የነገሠች ሴት ናት። በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ ብላ አዘዘች፤ ወንዶቹ ቢጨንቃቸው አንድ ሽማግሌ ብልሃት ሰጣቸውና፣ እንግዲያውስ መሠረቱን አንቺው አስጀምሪን አሏት ይባላል። በመጨረሻም ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቁርበት አልብሰው ጣሏት። በሰሜኑ አገር የምትነገረው ዮዲት ጉዲትም የዚህች እኅት ትመስላለች፤ ስሟ የሚነሣው አክሱምን አጠፋች ተብሎ ነው። በ10ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የዐረብ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በሐበሻ አገር ለብዙ ዘመን የገዛች ንግሥት እንደ ነበረች ጽፏል፤ በእኛ ትውፊት ግን ከአገዛዟ የተረፈው ጥፋቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት መልክ አለን ማለት ነው፤ መልካሚቱ ሴት ብትወጣ ተሸፍና ለሌላ ሰው ስትል ትወጣለች፤ ለራሷ የቆመችይቱ ግን ክፉ ትሆንና ጉድጓድ ትገባለች።

ታሪኩ ከተረቱ ጋር ይስማማል ወይ ብለን ብንጠይቅ አይስማማም። በ1896 በመቀሌ ምሽግ የነበረውን የኢጣልያ ጦር ውሃውን በመያዝ ለማስጨነቅ የተመከረው ምክር የእቴጌ ጣይቱ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም በአርበኝነታቸው ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘው ታስረው፣ ከተመለሱ በኋላ እንደገና ወደ ትግሉ ገብተዋል። ሁለቱም የወንድ ልብስ አላስፈለጋቸውም።

ለእኛ ለወለጋ ልጆች ግን ከሁሉ የሚቀርቡን አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር ነጻ ሆነው ተወልደው፣ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቁ። በ1886 ለሽያጭ ወደ ዐረብ አገር ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧቸውና፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛ ትርጉም ሥራ ተሰማሩ፤ ለትርጉሙ የሚረዳ የቃላት ስብስብ አዘጋጁ። ከትዝታቸውም 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ሰበሰቡ። ከነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ታተመ። በ1904 ከኦኔሲሞስና ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው በአስተማሪነት አገለገሉ።

አንባቢ ይህን ከጦቢያ ታሪክ ጋር ያስተያይ። መሸጥ፣ ባሕር፣ መርከብ፣ ስደት፣ ወደ አገር መመለስ፤ ለአንድ ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ አለ። ይሁን እንጂ እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት የኦኔሲሞስ ታሪክ በሰፊው ሲተረክልን፣ የአስቴር ስም በአንድ ሐረግ ብቻ «ረዳት» ተብሎ አለፈ። የኦኔሲሞስ ክብር የሚገባቸው ነው፤ አናሳንሰውም። ነገር ግን ያን ሁሉ ተረት በልባቸው ይዘው ባሕር የተሻገሩት ሴት ራሳቸው ተረት ሳይሆኑ ቀሩ።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ጸሐፊዎቹ ወንዶች ስለ ነበሩ ነው የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። ይህ ከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም አኮ ማኖዬን ከሴቶች አፍም ሰምተናል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መጨመር አለብን። ተረት ልጅን ለሚጠብቀው ኑሮ ማሰናጃ ነበር፤ ሴት ልጅ ወደ ባል ቤት እንጂ ወደ ሩቅ መንገድ አትሰናዳም ነበርና፣ እናቲቱ የማይደርስባትን መንገድ አልተረከችላትም። ከዚህም ሌላ የሴቶች ኃይል በማኅበር የሚታይ ነበር። በሲንቄ ሥርዓት የተበደለች ሴት ስትጮኽ ሴቶች ሁሉ በትራቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፤ በዳዩም ካሣ ሳይከፍል አይመለሱም። ይህ ታላቅ ኃይል ነው፤ ብቸኛ ጀግናን ለሚሻ ተረት ግን አይመችም።

በዛሬው ጊዜ ለውጥ መታየቱን መካድ አይገባም። በአዲስ አበባ በብሩክታዊት ጥጋቡ የተቋቋመው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም ሠርቷል፤ ሦስቱ ጀግኖች ሴቶች ልጆች ሲሆኑ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌላውንም ጎጂ ልማድ ይዋጋሉ። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እዚህም ጀግናይቱ ትምህርት የመስጠት ሸክም አለባት። ወንዱ ጀግና ወንዙ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ብቻ ብሎ መንገድ ሲወጣ ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። ይህ ነጻነት ለልጅቱ ገና አልተሰጣትም።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ከአያቶቻችን ተረት እንጻፍ፤ ከተረቱም በላይ የተራኪይቱን ስምና እርሷ ራሷ የሄደችበትን መንገድ አብረን እንጻፍ። ምናልባት የምንፈልጋት ጀግና በተረቱ ውስጥ ሳትሆን፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እሳቱን እየቆሰቆሰች ስትተርክልን የኖረችው ትሆናለች።