የዲጂታል ጌሞች ዋጋ በተለያዩ ገንዘቦች፦ የልዩነቱ ምንጭ፣ ፍትሐዊነቱና የሸማቹ መብት

ዲጂታል ጌም በዲስክ ታሽጎ በሱቅ የሚሸጥ ሳይሆን በኢንተርኔት ክፍያ ተፈጽሞበት ወደ ስልክ፣ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ መጫወቻ መሣሪያ የሚወርድ ምርት ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ የሚኖሩ ወጣቶች፣ ወላጆችና የጌም ቤት ባለቤቶች ገቢያቸውን የሚያገኙት በብር ሲሆን፣ የእነዚህ ምርቶች ዋጋ ግን በአብዛኛው የሚተመነው በአሜሪካ ዶላር ነው። ይህ ጽሑፍ የአንድ ጌም ዋጋ ከአገር አገር የሚለያይበትን ምክንያት፣ ልዩነቱ በኢትዮጵያ ገዥ ላይ የሚያስከትለውን ጫና፣ እንዲሁም ሸማቹ በሕግ ያለውን መብትና ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የዋጋ ልዩነቱ ምንጭ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዋጋ ከቦታ ቦታ መለያየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በመቂና በባቱ አካባቢ የሚመረት ቲማቲምና ሽንኩርት አዲስ አበባ ሲደርስ ዋጋው የሚጨምረው የመጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ እንዲሁም የብልሽት ወጪ ስለሚታከልበት ነው። የነዳጅ የችርቻሮ ዋጋም በማጓጓዣ ርቀት ምክንያት ከከተማ ከተማ ይለያያል። ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃም ከጅቡቲ ተነሥቶ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ሲያልፍ የየደረጃውን ወጪ ይሸከማል።

ዲጂታል ጌም ግን በጭነት መኪና አይጓዝም፣ በመጋዘን አያድርም፣ አይበላሽም። ለአንድ ተጨማሪ ገዥ አንድ ቅጂ ማድረስ ለሻጩ የሚያስወጣው ወጪ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በአገሮች መካከል የሚታየው የዋጋ ልዩነት በዋናነት የሚመነጨው ከማጓጓዣ ወጪ ሳይሆን፣ ሻጩ በየገበያው ያለውን የገዥ አቅም፣ የገንዘብ ምንዛሪና የግብር ሁኔታ ተመልክቶ ከሚሰጠው ውሳኔ ነው። ይህ አሠራር ቀጣናዊ የዋጋ አወጣጥ ይባላል።

አሠራሩ በአገራችንም በሌላ መልክ ይታወቃል። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክና በሌሎች ብሔራዊ ፓርኮች ኢትዮጵያዊ ጎብኚና የውጭ አገር ጎብኚ የሚከፍሉት የመግቢያ ዋጋ የተለያየ ነው። መነሻው የገዥው የመክፈል አቅም ይታሰብ የሚለው አስተሳሰብ ነው።

የኢትዮጵያ ገዥ የሚስተናገድበት ዋጋ

ከታወቁት የኮምፒውተር ጌም መሸጫዎች አንዱ የሆነው ስቲም ለጌም አሳታሚዎች በየገንዘቡ የሚጠቆም ዋጋ ያወጣል። የመጨረሻውን ዋጋ የሚወስነው ግን አሳታሚው ነው። የደቡብ አፍሪካ ራንድና የሕንድ ሩፒ በስቲም የመገበያያ ገንዘቦች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ብር ግን የለም። በመሆኑም ከኢትዮጵያ የሚገዛ ሰው የሚስተናገደው በአሜሪካ ዶላር ነው።

የገንዘብ ዋጋ መዋዠቅ ይህን አሠራር በየጊዜው ይለውጠዋል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ስቲም የሚጠቁማቸውን ዋጋዎች ሲያሻሽል የቱርክ ሊራና የአርጀንቲና ፔሶ ዋጋዎች በብዙ እጥፍ ከፍ ብለዋል። ከኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሁለቱም አገሮች በአገር ውስጥ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ ሽያጩ በዶላር ሆኗል። ሆኖም ግብፅንና ቱርክን ጨምሮ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ አገሮች፣ እንዲሁም ለላቲን አሜሪካ አገሮች አሳታሚዎች ዝቅ ያለ የዶላር ዋጋ ሊያወጡባቸው የሚችሉ ሁለት የዋጋ ቀጣናዎች ተቋቁመዋል። ኢትዮጵያ በእነዚህ ቀጣናዎች ውስጥ ስላልተካተተች፣ ከአዳማ የሚገዛ ወጣት የሚቀርብለት መደበኛው የዶላር ዋጋ ነው።

አንዳንድ መሸጫዎች ደግሞ ኢትዮጵያን በአገልግሎት አገሮቻቸው ዝርዝር ውስጥ አላካተቱም። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አንዱ ምሳሌ ነው።

የምንዛሪ ለውጡ ያስከተለው ጫና

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ላይ የተመሠረተ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ሥራ ላይ አውሏል። ከዚያ ቀደም አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። የሚከተለው ስሌት ዋጋው 60 ዶላር የሆነ ጌም በብር ስንት እንደሚሆን ያሳያል።

• አንድ ዶላር በ57 ብር ሲሰላ፦ 3,420 ብር
• አንድ ዶላር በ100 ብር ሲሰላ፦ 6,000 ብር
• አንድ ዶላር በ150 ብር ሲሰላ፦ 9,000 ብር

በሦስቱም ስሌቶች የጌሙ የዶላር ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገዥው የሚያወጣው ብር ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ስሌት አንድ ጌም ከአንድ ወር ተኩል ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር ይስተካከላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር በመሆኑ፣ በዚያ መጠን የሚከፈለው ሠራተኛ ግብር ሳይታሰብ ያንኑ ጌም ከዘጠኝ ሰዓት ባነሰ ሥራ ይገዛዋል።

ጫናው በጌም ቤቶች ላይም ይታያል። የጌም ቤት ባለቤት ከተጫዋቾች የሚቀበለው በጨዋታ ወይም በሰዓት የሚታሰብ የጥቂት ብሮች ክፍያ ነው። ጌሙን፣ መሣሪያውንና መለዋወጫውን የሚተካው ግን ምንዛሪን ተከትሎ በሚንቀሳቀስ ዋጋ ነው።

ፍትሐዊ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው

በዚህ ጉዳይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። የመጀመሪያው አንድ ምርት ለሁሉም ሰው በአንድ ዋጋ ይሸጥ ይላል። ዋጋው ዝቅ ባለበት አገር የሚገዛ ሰው ሙሉውን ከሚከፍለው ሰው ይልቅ ለምን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ የዚህ አመለካከት መነሻ ነው። ሁለተኛው አመለካከት እኩል የዶላር ዋጋ እኩል ሸክም አይደለም ይላል። የአንድ ሰዓት ሥራ ዋጋ የሆነ ምርትና የአንድ ሳምንት ሥራ ዋጋ የሆነ ምርት፣ በመለያው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ቢሆንም፣ ለገዥዎቹ እኩል ቅርብ አይደሉም።

ከኢትዮጵያ ሁኔታ አንጻር ሁለተኛው አመለካከት ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ገዥ ችግር በዶላር ሲታይ ከሌላው በላይ መጠየቁ ሳይሆን፣ ገቢው ግምት ውስጥ ሳይገባ በመደበኛው ዋጋ መስተናገዱ ነው። በሌላ በኩል አሳታሚዎች ዝቅ ያለ ዋጋ ለማውጣት የሚያመነቱበት ምክንያት አላቸው፤ ይኸውም የከፍተኛ ዋጋ አገር ገዥዎች አገራቸውን እየቀየሩ ዝቅተኛውን ዋጋ መጠቀማቸው ነው።

የሕግ ማዕቀፉ እስከምን ይደርሳል

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ገዥን በአገሩ ለይቶ መከልከል በውድድር ሕግ ያስጠይቃል። የአውሮፓ ኮሚሽን በጥር 2013 ዓ.ም. የስቲም ባለቤት የሆነውን ቫልቭንና አምስት የጌም አሳታሚዎችን በዚህ ምክንያት በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ይህ ውሳኔ የሚመለከተው የአውሮፓን የጋራ ገበያ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ገዥ መብት አይሰጥም። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ መጽደቁ፣ በአህጉሩ የዲጂታል ግብይት የጋራ ሕግ እንዲኖር መሠረት የሚጥል ነው።

በአገር ውስጥ የመንግሥት የዋጋ ቁጥጥር መሠረታዊ በሆኑ የንግድ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ላይ የተወሰነ ሲሆን፣ ዲጂታል ጌም ከእነዚህ ወገን አይደለም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ አሳታሚ የሚያወጣውን ዋጋ የሚተምን የአገር ውስጥ አካል የለም። ሕጉ ሸማቹን በግልጽ የሚጠብቀው በአገር ውስጥ በሚከናወነው የግብይቱ ክፍል ላይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴውም ዋጋ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸሙ ግብይቶችን ይገዛል።

ከአገር ውስጥ ሻጭ በብር ሲገዛ

ብዙ ወጣቶች ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ስለሌላቸው የፐብጂና የፍሪ ፋየር ውስጠ ጨዋታ ክፍያዎችን ወይም የስጦታ ካርዶችን ከአገር ውስጥ አቅራቢዎች በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ይገዛሉ። በዚህ ጊዜ የሚከፈለው ብር ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይችላል፦ የምርቱን የዶላር ዋጋ፣ ሻጩ ያሰላበትን ምንዛሪና የሻጩን ትርፍ። ሻጩ ጠቅላላውን ብቻ ከነገረው ሸማቹ ምን እንደከፈለ ማወቅ አይችልም። የምርቱን የዶላር ዋጋ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ አባዝቶ ከተጠየቀው ብር ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን በቀላሉ ያሳያል።

የውጭ ምንዛሪ ግብይት የሚፈቀደው በባንኮችና ፈቃድ ባላቸው የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎች ብቻ ነው። የምንዛሪ ሥርዓቱ በተለወጠበት ዕለት ሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚላክላቸው ወይም በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ከፍተው ከሂሳባቸው ለውጭ አገልግሎት ክፍያ እንዲፈጽሙ ፈቅዷል። ዝርዝር ሁኔታውን ከባንክ ቅርንጫፍ መጠየቅ ይቻላል።

የሌላ አገርን ዋጋ ለማግኘት አድራሻ መቀየር

አንዳንድ ገዥዎች በቪፒኤን ወይም በሐሰተኛ አድራሻ ዋጋው ዝቅ ባለበት አገር የሚኖሩ መስለው ይገዛሉ። ይህ ከመሸጫው ጋር የገቡትን ውል መጣስ ነው። ሒሳቡ ከታገደ ቀደም ሲል የተገዙት ጌሞች ሁሉ ሊታጡ ይችላሉ፤ ዲጂታል ጌም የገዛ ሰው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ እንጂ የጌሙን ባለቤትነት አይደለምና። በተመሳሳይ ብዙዎቹ ፈቃዶች ለግል መጠቀሚያ የተሰጡ በመሆናቸው፣ የጌም ቤት ባለቤቶች የፈቃዱን ይዘት አስቀድመው ማየት ይኖርባቸዋል።

ከግዢ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ዋጋው የቀረበበት ገንዘብና የዕለቱ የባንክ ምንዛሪ፤
2. ባንኩ ለካርድ ክፍያ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ፤
3. በዋጋው ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱ ወይም አለመካተቱ፤
4. የተገዛው የስጦታ ካርድ ወይም ኮድ በገዥው ሒሳብ ላይ የሚሠራ መሆኑ፣ ካርዶች በተወሰኑ አገሮች ብቻ ሊሠሩ ስለሚችሉ፤
5. የገንዘብ ተመላሽ ደንብ፣ ለምሳሌ ስቲም በተገዛ በ14 ቀናት ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወቱበት ጌም የሚቀርብን የተመላሽ ጥያቄ ይቀበላል፤
6. ገዥው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ።

አቤቱታ የሚቀርብበት ሁኔታ

ዋጋ የደበቀ፣ ደረሰኝ የከለከለ ወይም የማይሠራ ኮድ የሸጠ የአገር ውስጥ ነጋዴ ሲያጋጥም፣ በኦሮሚያ ክልል የሚኖር ሸማች በመጀመሪያ አቤቱታውን ለሚኖርበት ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍ ይችላል። ከአቤቱታው ጋር የክፍያ ማረጋገጫ፣ ከሻጩ ጋር የተደረገው የመልእክት ልውውጥና የምርቱ ዋጋ የታየበት የስክሪን ምስል ቢያያዝ ማጣራቱን ያፋጥናል። ገንዘብ ተቀብሎ የተሰወረ ሻጭ ሲኖር ጉዳዩ የማታለል ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ይቀርባል። በዓለም አቀፍ ካርድ የተፈጸመ ያልታወቀ ክፍያ ሲታይ ደግሞ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ውጭ አገር በተወሰነ ዋጋ ላይ የሚነሣ ቅሬታ በአገር ውስጥ ጽሕፈት ቤት አይፈታም፤ የሚቀርበው ለመሸጫው ወይም ለአሳታሚው ነው። በአገር ውስጥ የተጨመረው ብር ምን እንደሆነ ማወቅና በደረሰኝ ማስመዝገብ ግን የእያንዳንዱ ሸማች መብት ነው።