የልጅ ጨዋታና የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ

ሕፃን የአባቱን ካባ ደርቦ በትር ሲይዝ ንጉሥ ነኝ ይላል፤ ነጠላ በራሱ ላይ ጠምጥሞ ሲቆም ቄስ ነኝ ይላል። ይህ ሐሰት አይባልም፤ የልጅ አሳብ ገና ያልደረሰበትን ማዕርግ በልብስ የሚቀምስበት መንገድ ነውና። ጨዋታው ሲያበቃ ካባው ለባለቤቱ ይመለሳል፥ ልጁም ወደ እናቱ ይሮጣል።

ይህን የልጅነት አሳብ በፎቶግራፍ ከያዙት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። በ1815 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በካልካታ ተወለዱ። በ1863 መጨረሻ፥ በ48 ዓመታቸው፥ ልጃቸው የፎቶግራፍ መሣሪያ ብትሰጣቸው በዋይት ደሴት ፍሬሽዎተር በሚባል ስፍራ ሥራውን ጀመሩ። የዶሮ ቤታቸውን ማንሻ ክፍል፥ የከሰል ቤታቸውንም ጨለማ ክፍል አደረጉት። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጸው መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ነበረ። መስተዋቱም ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ስለ ሆነ፥ በእርሳቸው ዘንድ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቈየት ነበረበት። በ1872 የእኅታቸው የልጅ ልጅ በትከሻዋ የወፍ ክንፍ ታስሮላት በመልአክ አምሳል ተነሥታለች፤ ፊቷ ግን የሰለቻት ልጅ ፊት ነው። ክንፉ የታሰረ ነውና፥ ሥራው ሲያልቅ ይፈታል።

ከዚህ 4 ዓመት አስቀድሞ፥ በሐምሌ 1868፥ በወይዘሮዋ መሣሪያ ፊት ሌላ ልጅ ቀርቦ ነበር። ይኸውም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አባቱ በመቅደላ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ፤ በግንቦትም እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ሕፃኑ የ7 ዓመት ልጅ ነበረ።

የሐበሻ ልብስ ለብሶ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን፥ አንዳንድ ጊዜም ከሞግዚቱ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ተነሣ። ካፒቴኑ ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገሉ፥ አማርኛ የሚያውቁ፥ በኢትዮጵያም ባሻ ፈለቀ የተባሉ ሰው ናቸው። እርሳቸውም በሥዕሉ ላይ እንደ ሐበሻ ለብሰዋል።

እነሆ፥ በዚህ ሥዕል ነገሩ ተገለበጠ። በልብስ ሌላ ሰው የሆነው ጎልማሳው ነው፤ ልጁ ግን የማንንም ልብስ አልተዋሰም። ለሚመለከቱት እንግሊዞች የሩቅ አገር ተረት የሚመስለው ልብስ ለእርሱ ከቤቱ የተረፈው ነበረ። በፊቱም ላይ የጨዋታ ደስታ አይታይም።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ልብስ ለበሰ፤ በራግቢ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። ሳይመርጠው የለበሰው፥ ሊያወልቀውም ያልቻለው ልብስ ይህ ነበረ። ኅዳር 14 ቀን 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንዘርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ በ1423 ሳይሆን በእኛው ዘመን፥ በ2023፥ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም።

የመልአክ ክንፍ የታሰረላት ልጅና የንጉሡ ልጅ በአንዲት ሴት እጅ ተነሥተዋል፤ የሚለያቸውም የልብሱ ዓይነት አይደለም። ልብስ ለሕፃን ጨዋታ የሚሆንለት፥ ሲያወልቀው በስሙ ጠርቶ የሚቀበለው ሰው በቤት ሲኖር ነው።